ሜጀር ቴይለር፤ የክብ ሜዳው ፈጣን ሰው
(ለመምህራን ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፤ በቺካጎ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ መካነ መቃብር፤ የአንድ ሰው ዐፅም ምልክት ከሌለው የድኾች መቃብር ወጥቶ፤ ስሙና ሥራው በነሐስ ሰሌዳ ተጽፎለት፤ በተሻለ ስፍራ በክብር ዐረፈ። ይህን በጎ ሥራ የሠሩት የሥጋ ዘመዶቹ አልነበሩም፤ በወጣትነታቸው ዘመን በቢስክሌት እሽቅድድም ስማቸው የተጠራ፤ ኋላም ሸምግለው በማኅበር የተሰበሰቡ የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ነበሩ እንጂ። ገንዘቡን የሰጠው ፍራንክ ሽዊን የተባለው የቢስክሌት ፋብሪካ ባለቤት ነው። ሟቹ ከሞተ ያን ጊዜ 16 ዓመት ሆኖት ነበር። ስሙ ማርሻል ዎልተር ቴይለር ነው፤ ዓለም ግን የሚያውቀው ሜጀር ቴይለር በሚለው የቅጽል ስሙ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጭ ይወቅልን።

የዚህ ሰው ታሪክ በመምህራን ጉባኤ ላይ የሚነገረው ስለ ምንድን ነው? የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። በመላው ዓለም የሚቀድመው ያልተገኘለት ፈጣን ሰው መሆኑ ብቻውን ለጋዜጣ እንጂ ለመምህራን ጉባኤ አያበቃውም። ነገር ግን የቴይለርን ሕይወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል፤ ይኸውም በር ነው። በልጅነቱ ለጥቂት ዓመታት የተከፈተለት በር ነበረ፤ ወዲያው ተዘጋ። ጐልምሶ ሳለ አንድ ሰው ሌላ በር ከፈተለት፤ በዚያ ገብቶ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከሻምፒዮንነቱ በኋላ ደግሞ በራሱ እጅ የትምህርት ቤትን በር አንኳኳ፤ እሱም አልተከፈተለትም። በመካከል ያለው የእሽቅድድም ዝና እጅግ ብሩህ ስለ ሆነ ብዙ ጸሐፊዎች እነዚህን በሮች ሳያስተውሏቸው ያልፋሉ።

ማርሻል ቴይለር በኅዳር ወር 1878 ዓ.ም. በኢንዲያና ክፍለ ሀገር በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተወለደ። አያቶቹ በባርነት የኖሩ ናቸው። አባቱ ጊልበርት ቴይለር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ወገን ተሰልፎ የተዋጋ ሲሆን፤ ከጦርነቱ በኋላ ሳውዛርድ ለተባሉ ባለጸጋ ነጭ ቤተ ሰብ የሠረገላ ነጂ ሆኖ ይሠራ ነበር። በቤቱ ስምንት ልጆች ነበሩ፤ ኑሮውም ከእጅ ወደ አፍ ነው። ልጁ ማርሻል የስምንት ዓመት ያህል ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ወደ ጌቶቹ ቤት መመላለስ ጀመረ። ጌቶቹም ዳንኤል የሚባል እኩያው የሆነ አንድ ልጅ ነበራቸው። ሁለቱ ልጆች ተዋደዱና ማርሻል በዚያው ቤት እንዲቀመጥ ተደረገ። አንድ ዐይነት ልብስ ለበሱ፤ በአንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጠው ተማሩ፤ ለዳንኤል መጫወቻ ሲገዛ ለማርሻልም ይገዛለት ነበር። የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ቢስክሌት ስለ ነበራቸው ለእርሱም ቢስክሌት ተሰጠው። የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው ቢስክሌት መንዳት የተማረው እንዲህ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ በተድላ ዘመን ውስጥ እንኳ አንድ ነገር ገጥሞታል፤ ሰውየው እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። ጓደኞቹ በከተማው ወደሚገኘው የወ.ወ.ክ.ማ. የአካል ማጠንከሪያ አዳራሽ ሲገቡ ማርሻል በመልኩ ምክንያት እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ከላይ ከተመልካቾች ሰገነት ላይ ቆሞ ጓደኞቹ ሲዘሉና ሲንጠላጠሉ ያያል። የዳንኤል ወላጆች ስለ እርሱ ቢከራከሩም ሕጉን ሊያስለውጡ አልቻሉም። ሲጫወቱ ማንም እንደማይቀድመው የሚያውቅ ልጅ፤ በመከልከሉ የተሰማውን ኀዘን በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በሰፊው ተርኮታል።

ሳውዛርዶች ወደ ቺካጎ ሲዛወሩ ልጁን ይዘውት ሊሄዱ ፈለጉ፤ እናቱ ግን ከልጅዋ መለየትን አልቻለችም። ይህን በእናቲቱ ላይ ጥፋት አድርጎ መቍጠር አይገባም፤ ልጅዋን ለባለጸጋ አሳልፋ የምትሰጥ እናት የትም አገር ቢሆን ብዙ አትገኝም። ውጤቱ ግን ከባድ ሆነ። የ13 ዓመት ልጅ ያህል ሲሆን ከመምህሩም ከመጽሐፉም ከሞላው ቤትም በአንድ ጊዜ ተለየ፤ በቢስክሌቱ ጋዜጣ እያዳረሰና እየተላላከ እንጀራውን መፈለግ ጀመረ። ከዚያ በኋላ መደበኛ ትምህርት አልተማረም። ይህችን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ ትመለሳለችና።

ልጁ ቢስክሌት ላይ ሆኖ ልዩ ልዩ ጨዋታ መሥራትን ራሱን በራሱ አስተምሮ ነበር። አንድ ቀን ቢስክሌቱን ሊያሳድስ ሄይና ዊሊትስ ወደሚባሉ ሰዎች ሱቅ ሄደና ሲወጣ እንደ ልማዱ በትርኢት ዘሎ ተቀመጠ። ባለሱቆቹም ይህን አይተው በሳምንት 6 ዶላር ደመወዝና አንድ አዲስ ቢስክሌት ሊሰጡት ተስማሙ፤ ሥራውም ጧት ሱቁን መጥረግ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሱቁ ፊት ትርኢት እያሳየ ገበያተኛ መሰብሰብ ነው። ሲጫወት የወታደር ልብስ ያለብሱት ነበርና ሰዎች «ሜጀር» አሉት። ሜጀር ማለት ሻለቃ ማለት ነው። የሱቅ ማስታወቂያ የሆነው ይህ ስም እስከ መቃብር ተከተለው።

የመጀመሪያው እሽቅድድሙም የተጀመረው በቀልድ ነው። ሱቁ በየዓመቱ የ10 ማይል፤ ማለት 16 ኪሎ ሜትር ያህል፤ የመንገድ ላይ ውድድር ያዘጋጅ ነበር። ከባለሱቆቹ አንዱ ሕዝቡን ለማሳቅ ያህል ሕፃኑን ከተወዳዳሪዎቹ ጋር አሰለፈው። ልጁ ፈርቶ አለቀሰ፤ ጥቂት ሄደህ ሲደክምህ ተመለስ ብለው አባበሉት። እርሱ ግን አልተመለሰም። አሸነፈ፤ የወርቅ ሜዳይም ለእናቱ ይዞ ገባ። በመጨረሻው መሥመር ላይ ከድካም የተነሣ ራሱን ስቶ ወድቆ እንደ ነበረ ይነገራል።

ከዚህ ቀጥሎ ስሙ መነሣት የሚገባው ሉዊስ መንገር ነው። መንገር ነጭ ነበር፤ በዘመኑ የታወቀ የቢስክሌት ተወዳዳሪ ሆኖ ኋላ ቢስክሌት ወደ መሥራት ተመለሰ። ቴይለርን በመጀመሪያ ቤት እንዲያገለግለውና እንዲላላከው ቀጠረው። እያደር ግን በልጁ ጕልበትና በአእምሮው ውስጥ ያለውን አየ፤ አየና ሊያስተምረው ቈረጠ። እንዴት መመገብ፤ እንዴት መተኛት፤ ከመጠጥና ከትምባሆ እንዴት መራቅ፤ በኮርቻው ላይ እንዴት መቀመጥ እንደሚገባው አንድ በአንድ አስተማረው። የፋብሪካው ሰዎች ከጥቁር ልጅ ጋር እንዲህ መቀራረቡን በተቃወሙ ጊዜ መንገር ከልጁ ይልቅ ከተማውን ለቀቀ። በ1895 ዓ.ም. ቴይለርን አስከትሎ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ወዳለችው ወደ ዉስተር ከተማ ሄደ። እዚያም ቴይለር ወደ ወ.ወ.ክ.ማ. ደጃፍ ቢቀርብ ያለ ምንም ጥያቄ አስገቡት። በኢንዲያናፖሊስ ከሰገነት ላይ ቆሞ ያየውን መሣሪያ በዉስተር በእጁ ያዘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዉስተርን የትውልድ ከተማው ያህል ወደዳት።

በሚቀጥለው ዓመት በ1896 መንገር ልጁን ወደ ኢንዲያናፖሊስ መልሶ ወስዶ በከተማው ክብ ሜዳ ላይ ጥቂት ሩጫ አስሮጠው፤ ሰዓት ያዦችም መሰከሩ። በዚያ ሜዳ የተመዘገቡት ፈጣን ሰዓቶች ተሻሩ፤ ሰዓቱ ግን በይፋ አልተመዘገበም፤ እንዲያውም ጥቁር ልጅ ከዚህ በኋላ በዚህ ሜዳ እንዳይነዳ ተባለ። ሰው የሠራውን ሰዓት መሻር ከባድ ነው፤ የሠራውን ሰው ማስወጣት ግን ቀላል ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ስለ ክብ ሜዳው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ቢስክሌት ሲባል ቶሎ በሐሳብ የሚመጣው በጥቍር ድንጋይና በአስፋልት መንገድ ላይ የሚደረገው ረዥም ጕዞ ነውና። የክብ ሜዳ ቢስክሌት ሌላ ጥበብ ነው። ሜዳው በእንጨት ወይም በሲሚንቶ የተሠራ፤ ጥምዝምዙ ላይ እንደ ሞሰብ ክዳን ከውጭ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው። ቢስክሌቱ ፍሬን የለውም፤ ጐማው ሲዞር ፔዳሉ አብሮ ይዞራልና እግር ማሳረፍ አይቻልም። በአጭር ርቀት ግጥሚያ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አብረው ይነሣሉ፤ የሚያስገርመው ግን መጀመሪያ ላይ የእግረኛን ያህል እየተጐተቱ መሄዳቸው ነው። ፊት የሄደ ሰው ነፋሱን ለብቻው ይሰነጥቃል፤ ከኋላው የተጠጋው በእርሱ ጥላ ይጠለልና ጕልበቱን ይቈጥባል። ስለዚህ እንደ ጉግስ ፈረሰኞች እርስ በርሳቸው እየተያዩ፤ አንዱ ሌላውን እያታለለ ይቈዩና በመጨረሻው 200 ሜትር ገደማ እንደ ቀስት ይወረወራሉ። ቴይለር የሚታወቀው በዚህች በመጨረሻዋ ውርወራ ነው። ሰውየው ቁመቱ አጭር፤ ሰውነቱ የተሰበሰበ፤ አነሣሡም ድንገተኛ ነበር። ደግሞም የቢስክሌቱን መሪ ወደ ፊት የሚያስረዝም የብረት ክንድ አበጅቶ ስለ ተጠቀመ ጀርባው ከሜዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ለነፋስ የማይመች ሆነ። ያ ብረት ኋላ በስሙ ተጠርቷል። ይህ ሰው ምሕንድስና ባይማርም የማሃንዲስ ዐይን ነበረው ማለት ሐሰት አይሆንም።

በታኅሣሥ ወር 1896 ዓ.ም. 18 ዓመት ሲሞላው፤ በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ በደመወዝተኛ ተወዳዳሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። በዚያም በግማሽ ማይል ውድድር ኤዲ ባልድ የተባለውን የአሜሪካ ሻምፒዮን ቀደመው። ወዲያውም በስድስቱ ቀን ውድድር ገባ፤ ይህ ውድድር ተወዳዳሪው ስድስት ቀንና ሌሊት ክቡን ሲዞር የሚኖርበት፤ በጥቂቱ ብቻ የሚተኛበት፤ ጨካኝ ትርኢት ነበር። ቴይለር 1,732 ማይል፤ ማለት 2,787 ኪሎ ሜትር ያህል፤ ሄዶ ስምንተኛ ወጣ። ዳግመኛ እንዲህ ያለ ውድድር አልገባም፤ ብልህነት ነው።

የአሜሪካ ቢስክሌተኞች ማኅበር በ1894 ዓ.ም. ጥቁሮች አባል እንዳይሆኑ ሕግ አውጥቶ ነበር። በሕጉ ቀዳዳ በኩል ግን ጥቁር ሰው በደመወዝተኛነት መወዳደርን አልተከለከለም፤ ቴይለር በዚያ ቀዳዳ ነው የገባ። የደቡብ ክፍላተ ሀገር የውድድር አዘጋጆች ግን አናስገባም አሉ፤ የሀገሩን ሻምፒዮንነት የሚያስገኘውም ነጥብ ከየከተማው ውድድር ተለቃቅሞ ስለ ነበረ በዚህ ምክንያት ብቻ አንድ ዓመት ሙሉ አጣ። በሜዳውም ላይ ነጮቹ ተወዳዳሪዎች እርስ በርሳቸው ተማምለው ከበው ይይዙታል፤ አንዱ ከፊት፤ አንዱ ከጐን፤ አንዱ ከኋላ ሆኖ መውጫ ያሳጡታል። አንድ ሆነው ከተከፋፈሉት ገንዘብ ይልቅ የእርሱ ማሸነፍ ያንገበግባቸው ነበር። በመስከረም ወር 1897 በማሳቹሴትስ በቶንተን ከተማ በተደረገ ውድድር ከበስተኋላው የደረሰው ነጭ ተወዳዳሪ ከመሥመሩ ወዲያ ከቢስክሌቱ ጎትቶ ጣለውና አንገቱን አንቆ ይዞ ራሱን አሳተው። ቴይለር ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነቃ ቀረ። አናቂው የተፈረደበት 50 ዶላር መቀጫ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ጓደኞቹ አዋጥተው ከፈሉለት።

ቴይለር ለዚህ ሁሉ የመለሰው መልስ በጡጫ አልነበረም። ከበው ሊይዙት ስለሚችሉ ቶሎ ከመካከላቸው ወጥቶ ፊት መሄድን ለመደ፤ ወይም በሁለት ቢስክሌቶች መካከል ለሰው የማይመስል ጠባብ ቀዳዳ ሲከፈት በዐይን ጥቅሻ ዘልቆ መውጣትን ተማረ። የክፉዎቹ ተንኰል የፈጠረበትን ጥበብ ክፉዎቹ ሊነጥቁት አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የድል ዓመታት ናቸው። በ1898 እና በ1899 ብዙ የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ። ነሐሴ 10 ቀን 1899 ዓ.ም. በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በአንድ ማይል ግጥሚያ ፈረንሳዊውን ኩርብ ዱትረሎንንና አሜሪካዊውን ቶም በትለርን ቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከእርሱ በፊት በማናቸውም ስፖርት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ጥቁር ሰው ካናዳዊው ቦክሰኛ ጆርጅ ዲክሰን ብቻ ነው። የሀገሩ መዝሙር ሲሰማ አሜሪካዊ በመሆኑ እንደዚያን ቀን ኰርቶ እንደማያውቅ፤ በአሜሪካም ውስጥ ሳለ የዚያን ቀን ያህል አሜሪካዊነት እንዳልተሰማው ቴይለር ራሱ ጽፏል። ይህን ያለው በባዕድ አገር ቆሞ መሆኑን ያስተውሏል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በቺካጎ በእንፋሎት በሚሄድ መኪና ተመርቶ አንድ ማይል በ1 ደቂቃ ከ19 ሴኮንድ ነዳ፤ ይህም በሰዓት 73 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶሞቢል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የሰው እግር ይህን ያህል መሄዱ እንኳን ለዚያ ዘመን ሰው ለዛሬም ያስደንቃል። በ1900 ደግሞ የአሜሪካ ሻምፒዮን ተባለ።

በዚያው በ1900 በዉስተር መልካም ሠፈር ቤት ገዛ። ጐረቤቶቹ ማን እንደ ገዛው ባወቁ ጊዜ ከገዛበት በላይ ዋጋ ሰጥተው ሊያስለቅቁት ተሰበሰቡ። አልሸጥም ብሎ በቤቱ ተቀመጠ፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ነገሩ በረደ።

የፈረንሳይ አገር የውድድር አዘጋጆች በ1900 ወደ አውሮፓ እንዲመጣ 10,000 ዶላር አቀረቡለት። በፈረንሳይ ታላላቅ ውድድሮች የሚደረጉት በእሑድ ነበርና እምቢ አለ። እናቱ በሃይማኖት የጠነከረች ሴት ነበረች፤ በ1898 ከሞተች በኋላ እርሱም ተጠምቆ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነ፤ በሰንበትም ላለመወዳደር ቈረጠ። በዚያ ዘመን 10,000 ዶላር ማለት ለአንድ ሠራተኛ የብዙ ዓመት ደመወዝ ነው። አንዳንዶች ግትርነት ነው ብለው ተቹት፤ እርግጥ ነው ግትርነት ነበረ፤ ነገር ግን በሰው ሕግ ከየሜዳው ሲባረር የኖረ ሰው የራሱ የሆነ አንድ ሕግ ቢኖረውና ቢጠብቀው አያስገርምም። በሚቀጥለው ዓመት አዘጋጆቹ ራሳቸው ተሸነፉ፤ ሰንበት የሌለበት ውል ጽፈው አመጡለት።

በ1901 ዓ.ም. በጸደይ ወደ ፓሪስ ገባ። ሕዝቡ የሚጠብቀው ከኤድሞን ዣክለን ጋር የሚያደርገውን ግጥሚያ ነበር፤ ዣክለን የ1900 የዓለም ሻምፒዮንና የፈረንሳዮች ወዳጅ ነው። ግንቦት 16 ቀን በፓርክ ደ ፕረንስ ሜዳ ተገናኙ። ቀኑ ብርዳም ነበረ፤ ቴይለርም ብርድን አይችልም። ዣክለን ሁለቱንም ዙር አሸነፈና በድል ሲያልፍ ጣቱን አፍንጫው ላይ አድርጎ አላገጠበት። ይህ ማላገጥ ቴይለርን ከመሸነፉ ይልቅ አስቈጣው። ግንቦት 27 ቀን እንደገና በዚያው ሜዳ ተገናኙ፤ ያን ቀን ፀሓይ ወጣች። ቴይለር የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ። ለሁለተኛው ዙር በመነሻው መሥመር ላይ ሲቆሙ እጁን ዘርግቶ ዣክለንን ጨበጠው። ዣክለን ግራ ተጋባ፤ ይህ መጨበጥ የስንብት መሆኑ ወዲያው ሳይገባው አልቀረም። ቴይለር ሁለተኛውንም አሸንፎ በወገቡ ይዞት የነበረውን ትንሽ የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለበ ሜዳውን ዞረ። ሕዝቡም፤ የተሸነፈው የራሱ ልጅ ሲሆን፤ አጨበጨበለት።

በ1902 ዴዚ ሞሪስ ከምትባል ወይዘሪት ጋር ተጋብቶ በዚያው ዓመት እንደገና አውሮፓን ዞረ፤ 57 ጊዜ ተወዳድሮ 40 ጊዜ እንዳሸነፈ ተጽፏል። ከዚያም ወደ አውስትራልያ ሄደ። የሚያስገርመው ነገር አውስትራልያ በ1901 ነጭ ያልሆነ ሰው ገብቶ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ሕግ ያወጣች አገር መሆንዋ ነው። ቴይለርን ግን በሲድኒ ወደብ መርከቦች በፊሽካ፤ ሕዝብም በእልልታ ተቀበሉት። ሁለተኛ ጊዜ በሄደበት ወራት በግንቦት 1904 ሴት ልጅ ተወለደችለትና በከተማዪቱ ስም ሲድኒ አላት። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ያገሩ ነጮች ተወዳዳሪዎችም ተከትለውት አውስትራልያ ገብተው ነበርና የጥንቱ ተንኰል ባሕር ተሻግሮ ደረሰበት። በሜልቦርን አንደኛው፤ ኢቨር ላውሰን፤ መንገዱን አቋርጦ ጣለው፤ ቴይለር በጽኑ ቈሰለ። ላውሰን ለጊዜው ከውድድር ታገደ፤ በዚያው ዓመት ግን በለንደን የዓለም ሻምፒዮን ተብሎ ተሸለመ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ዐይነት ፌዝ ታውቃለች።

ከአውስትራልያ ሲመለስ መርከቡ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አሳረፈው። ሚስቱንና የወራት ሕፃን ይዞ ምግብ ቤትና ማረፊያ ፈለገ፤ በየደጁ አይሆንም ተባለ። በሲድኒ ሺሕ ሕዝብ የተቀበለው ሰው በገዛ አገሩ የሚበላበት ገበታ አጣ። ወዲያው አካሉም መንፈሱም ዛለ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ከሜዳ ተለየ፤ ውሉን ባለመፈጸሙም የአውሮፓ አዘጋጆች ከሰሱት። በ1907 ታርቆ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ ጥቂት ደግሞ አሸነፈ፤ ዕድሜው ግን አላገዘውም። በ1909 ዓ.ም. በሰንበት አልወዳደርም ያለውን ቃሉን ተወ። ለምን? ቤተ ሰብ ነበረው፤ የአሸናፊነቱም ዘመን እያለቀ ነበር። ከዚህ በላይ መመርመር አይገባም። በ1910 በ32 ዓመቱ እሽቅድድምን ጨርሶ ተወ።

ክቡራን መምህራን፤ እዚህ ላይ ቀደም ብሎ ልብ እንዲባል ወደ ተጠየቀችው ነገር እንመለሳለን። ቴይለር ከእሽቅድድም ሲለይ ገንዘብ ነበረው፤ ቤት ነበረው፤ የሁለት ክፍለ ዓለማትን ታላላቅ ከተሞች ያየ፤ በፈረንሳይ አገር የተከበረ ሰው ነበር። ሊያደርግ የፈለገው ግን መማር ነው። የምሕንድስና ትምህርት ሊጀምር በሚኖርበት ከተማ ወዳለ አንድ ኮሌጅ አመለከተ። መልሱ አጭር ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ምስክር ወረቀት ስለሌለህ አንቀበልህም። ሕጉ ትክክል ነው፤ ኮሌጁም በዚህ ረገድ ተንኰል አደረገ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ይህ ምስክር ወረቀት ለምን እንዳልኖረው የሚጠይቅ ሰው አልተገኘም። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ የተቋረጠው ትምህርት ከ20 ዓመት በኋላ ዋጋውን ጠየቀ። የመሪውን ብረት ያበጀው እጅ፤ ነፋስንና ክብ ሜዳን በልቡ የሚያሰላው ጭንቅላት፤ በወረቀት አልተጻፈም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። ለአውቶሞቢል የሚሆን ጐማ እሠራለሁ ብሎ ገንዘቡን አፈሰሰ፤ ከሰረ። ያልተማረው ትምህርት ቢኖረው ኖሮ ንግዱ ይቃናለት ነበር ማለት ግን ልክ አይሆንም፤ የተማሩትም በዚያ ዘመን ብዙ ከስረዋል። ታመመ። ንብረቱን ቀስ በቀስ ሸጠ፤ በ1925 ቤቱንም ሸጠ። ከዚያ ተቀምጦ መጽሐፍ ጻፈ። የሕይወቱ ታሪክ የሆነው ይህ መጽሐፍ በ1928 ዓ.ም. በራሱ ወጪ ተዘጋጀ፤ ርእሱም የዓለም ፈጣኑ ቢስክሌተኛ መሆኑን የሚናገር ነው። መጽሐፉ እንከን የለበትም ማለት አይቻልም፤ ከየጋዜጣው የተገለበጠ ጽሑፍ ይበዛበታል፤ አንዱን ነገር ደጋግሞ ይናገራል። ነገር ግን ስለ አናቂዎቹና ስለ ከባቢዎቹ ሲጽፍ ስማቸውን ይጠራል እንጂ አይሳደብም። ለወጣቶችም ብዙ ምክር ይሰጣል፤ መንገር የሰጠው ምክር በየገጹ ይሰማል። ይህን መጽሐፍ ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይሸጥ ነበር።

ከሚስቱ ተለያይቶ በ1930 ገደማ ወደ ቺካጎ ሄደ። ያረፈበትም ቤት የጥቁሮች ወ.ወ.ክ.ማ. ነበር። በዚያው ከተማ በሕዝብ ሆስፒታል የድኾች ክፍል ውስጥ ሰኔ 21 ቀን 1932 ዓ.ም. በ53 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑን የሚረከብ ሰው ስላልመጣ ምልክት በሌለው መቃብር ቀበሩት፤ በንግግሩ መጀመሪያ እንደ ተነገረው ከ16 ዓመት በኋላ የቀድሞ ባልንጀሮቹ አወጡት።

ልጁ ሲድኒ አድጋ የአካል ማጠንከሪያ ትምህርት ተምራ መምህርት ሆነች፤ ዕድሜዋም ረዝሞ በ2005 ዓ.ም. በ101 ዓመትዋ ዐረፈች። አባትዋ በሰገነት ላይ ቆሞ ያየውን ጨዋታ እርስዋ ለሌሎች ልጆች አስተማረችው። በ1982 ዓ.ም. ኢንዲያናፖሊስ ከተማ የቢስክሌት ክብ ሜዳ አሠርታ በሜጀር ቴይለር ስም ሰየመችው፤ ይህች በ1896 ከሜዳዋ ያስወጣችው ከተማ ናት። ዉስተርም በ2008 ሐውልት አቆመችለት።

በዉስተር ጆርጅ የሚባል አንድ አጭር መንገድ አለ፤ ርዝመቱ 150 ሜትር ያህል ሲሆን በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ቴይለር ጕልበቱን ያጠነክር የነበረው በዚያ ዳገት ላይ ነው። በዚህ ባለንበት ክፍለ ዘመን በስሙ የተቋቋመው ማኅበር ለአስተማሪዎች የሚሆን የማስተማሪያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ አሳትሟል፤ በዳገቱም ላይ ውድድር አድርጓል። ልጆችና ሽማግሌዎች በየተራ አንድ በአንድ ከታች ይነሣሉ፤ ሰዓት ያዥ ከላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።